አንዱን ኢንዛይም ብቻ የሚያውቅ

እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ፣ ከአንድ ታማሚ ካበጠ ንፍፊት ላይ የተቆረጠች ቅንጣት ሥጋ ፓሪስ ወደሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ገባች። ሉክ ሞንታኝዬ ሴሎቹን ለይተው በምግብ ፈሳሽ ውስጥ ማሳደግ ያዙ። ፍራንስዋዝ ባሬ-ሲኑሲና ዣን-ክሎድ ሸርማን ደግሞ በየጥቂት ቀኑ ከፈሳሹ እየቀዱ ይለኩ ጀመር።

የሚለኩት ቫይረሱን ራሱን አልነበረም፤ ገና ያየው ሰው የለም። የሚለኩት አንድ ሥራ ነበር፤ ከአርኤንኤ ላይ እየገለበጡ ዲኤንኤ የመሥራት ሥራ። በቀዱት ፈሳሽ ላይ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለው የዲኤንኤ መገንቢያ ይጨምራሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ነገር በውስጡ ካለ፣ ምልክቱ ከአዲሱ ሰንሰለት ጋር ተያይዞ ይቀራል፤ መቁጠሪያ መሣሪያውም ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁጥሩ ከፍ አለ። ቀጥሎ ደግሞ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ሴሎቹ እየሞቱ ነበርና። ተመራማሪዎቹ ከደም ለጋሽ የተወሰዱ ትኩስ ነጭ የደም ሴሎች ሲጨምሩበት ቁጥሩ እንደገና ወጣ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጽሑፍ፣ ኋላ ኤችአይቪ ስለተባለው ቫይረስ ለዓለም የቀረበ የመጀመሪያው ዘገባ ሆነ። ባሬ-ሲኑሲና ሞንታኝዬ በ2008 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ሥራ ይኸው ነው።

ያ ቁጥር አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንዳለ መሰከረ። ሠራተኛው ምን እንደሚመስል፣ ስንት ክፍል እንዳለው፣ በአንድ ቫይረስ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚገኝ ግን ከቁጥሩ ሊነበብ አይችልም። ያንን ለማወቅ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ከሺህ ፕሮቲኖች መካከል ያንን አንዱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ። ያ መሣሪያ በላቦራቶሪ የሚመረት ፀረ እንግዳ አካል፣ የሙያው ሰዎች አንቲቦዲ የሚሉት ነው። ማንንም አያድንም፤ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይም አይገኝም። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚውጧቸው መድኃኒቶች የሚያርፉበትን ኢንዛይም ለዓይን ያቀረበው ግን በከፊል እሱ ነው፤ ታሪኩ ሊነገርለት ይገባል።

ኢንዛይሙ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ይባላል። ሃዋርድ ቴሚን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪድ ባልቲሞር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1970 በየፊናቸው በእንስሳት ቫይረሶች ውስጥ አገኙት። እስከዚያ ድረስ የዘር መልእክት ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ብቻ ይተላለፋል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ ኢንዛይም መንገዱን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የቫይረሱን አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ ኢንተግሬዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ያንን ዲኤንኤ ከሰውየው የራሱ ዘረመል መካከል ይሰካዋል። ኤችአይቪ አንዴ ከገባ የማይወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ገልባጩ ኢንዛይም የጻፈውን መልሶ የሚያርምበት ችሎታም የለውም። ስሕተቶቹ ስለሚጠራቀሙ ቫይረሱ ከመድኃኒትም ከሰውነት መከላከያም ለመሸሽ ዘወትር አዳዲስ መልክ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ኤዜድቲ ያነጣጠረውም በዚሁ ኢንዛይም ላይ ነበር።

ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ራሱ በዚህ ኢንዛይም ላይ አንቲቦዲ ያመርታል። ግን አይጠቅመውም። ኢንዛይሙ በቫይረሱ ቅርፊትና በሴሉ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚሠራ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው አንቲቦዲ አይደርስበትም። ለተመራማሪም ቢሆን ከታማሚ ደም የሚገኘው አንቲቦዲ ድብልቅ ነው። ከፊሉ የቫይረሱን ልባስ፣ ከፊሉ እምብርቱን፣ ከፊሉ ኢንዛይሞቹን ይይዛል፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። አንድ ነጥብ ብቻ የሚይዝ፣ ዛሬም ከአሥር ዓመት በኋላም ያው የሚሆን አንቲቦዲ ለማግኘት የሰውነትን ሥርዓት ከሰውነት ውጭ ማስቀጠል ግድ ነበር።

መንገዱን በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ አርጀንቲናዊው ሴዛር ሚልስታይንና ጀርመናዊው ጆርጅስ ኮህለር እ.ኤ.አ. በ1975 ከፈቱት። ችግሩ ይህ ነበር፦ አንቲቦዲ የሚያመርተው ነጭ የደም ሴል ከሰውነት ሲወጣ በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ የካንሰር ሴል ግን ምግብ እስካገኘ ድረስ ሳያቋርጥ ይራባል። ሁለቱ ሰዎች እነዚህን ሁለት ሴሎች አዋሐዱ። ከአይጥ ጣፊያ የወጣው ሴል የሚፈለገውን አንቲቦዲ የማምረት ዕውቀቱን፣ የካንሰሩ ሴል ደግሞ ያለማቋረጥ የመራባት ኃይሉን ሰጠ። የተገኘው ድቅል ሴል ሃይብሪዶማ ይባላል።

የዘዴው ውበት ግን ከማዋሐዱ ይልቅ በማጣራቱ ላይ ነው። ከሚሊዮን ሴሎች የሚዋሐዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ያልተዋሐዱት የካንሰር ሴሎች ደግሞ ካልተወገዱ ሁሉን ይወርሳሉ። ስለዚህ ለውሕደቱ የሚመረጠው የካንሰር ሴል የዲኤንኤ መገንቢያዎችን ካገለገሉ ቁሶች መልሶ ለመጠቀም የሚያስፈልግ አንድ ኢንዛይም የጎደለው ነው። በምግቡ ላይ አሚኖፕተሪን የተባለ ኬሚካል ሲጨመር ሴሎች መገንቢያዎቹን እንደ አዲስ የሚሠሩበት ዋናው መንገድ ይዘጋል። የካንሰር ሴሉ ሁለተኛ መንገድ የለውምና ይሞታል። የጣፊያው ሴል በራሱ ጊዜ ይሞታል። የሚተርፈው ከሁለቱም የወረሰው ድቅል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ድቅሎቹ 96 ጉድጓዶች ባሏቸው ሳህኖች ላይ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ሴል እንዲደርስ ሆነው ይበተናሉ። ከአንድ ሴል የተራባ መንጋ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ያመነጫል። ሞኖክሎናል የሚባለው ይኸው ነው። ኮህለርና ሚልስታይን በ1984 ኖቤል ተሸለሙ። ግኝታቸው በፓተንት አልታጠረም ነበር፤ ዘዴው ያን ያህል ፈጥኖ በየላቦራቶሪው ለመዳረሱ ይህ ድርሻ እንደነበረው አያጠራጥርም።

ኤችአይቪ በተገኘበት ጊዜ መሣሪያው ዝግጁ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ተጠቅመው ከቫይረሱ ውስጥ ሁለት ፕሮቲኖችን ለይተው አወጡ። አንዱ 66 ሺህ ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ያህል፣ ሌላው 51 ሺህ ዳልተን ያህል ይመዝናል፤ ስማቸውም ከክብደታቸው ተነስቶ ፒ66 እና ፒ51 ሆነ። አንድ አንቲቦዲ ሁለቱንም መያዙ ብቻውን የሚያጠያይቅ ነገር ነው። የፕሮቲኖቹ ጅማሬ ቅደም ተከተል ሲነበብ መልሱ ተገኘ፤ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይጀምራሉ። ትንሹ ጫፉ የተቆረጠ ትልቁ ነው። ኢንዛይሙ ሥራ ላይ ሲውል አንድ ሙሉና አንድ ጫፈ ቁርጥ ተጣምረው ይቆማሉ። ፒ66 560 አሚኖ አሲዶች፣ ፒ51 ደግሞ 440 አሚኖ አሲዶች አሏቸው። የተቆረጠው ክፍል፣ ተገልብጦ ያበቃውን አርኤንኤ እየበጣጠሰ የሚያስወግደው ክፍል ነው። በፓሪስ በቁጥር ብቻ ይታወቅ የነበረው ሠራተኛ አሁን ክብደትና አካል አገኘ።

ይህ አንቲቦዲ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ወደ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ መጠጋት ይሻላል። ተመራማሪዋ ቫይረሱን በሳሙና መሰል ኬሚካል አፍልታ ፕሮቲኖቹን ትፈታቸዋለች። ከዚያም በቀጭን ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ታስጉዛቸዋለች፤ ትንንሾቹ ይቀድማሉ፣ ትልልቆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በክብደት የተደረደሩት ፕሮቲኖች ከጄሉ ወደ ስስ ወረቀት መሰል ገጽ ይሸጋገራሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ለእንግዳ ሰው ያስገርማል፦ ገጹ ከሱቅ በሚገዛው ዓይነት ስብ አልባ የዱቄት ወተት ውስጥ ይነከራል። የወተቱ ፕሮቲን ባዶ ቦታዎችን ስለሚሸፍን አንቲቦዲው ባልተፈለገ ቦታ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ከዚያ አንቲቦዲው ይጨመራል። በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ፣ በቀስታ በሚወዛወዝ ሳህን ላይ ያድራል። በማግስቱ ይታጠብና ሁለተኛ አንቲቦዲ ይከተላል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ከፍየል የተገኘ፣ የአይጥን አንቲቦዲ የሚይዝና ብርሃን የሚያመነጭ ኢንዛይም የተሸከመ ነው። ጨለማ ሳጥን ውስጥ ፎቶ ሲነሳ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ፤ 66 ላይ አንድ፣ 51 ላይ አንድ። እዚህ ላይ ጀማሪን ሁሉ የሚያስጨንቅ ወጥመድ አለ። አንቲቦዲ እንዳይበላሽ ብዙ ጊዜ ሶዲየም አዛይድ ይጨመርበታል፤ ይኸው አዛይድ ደግሞ ብርሃን ሰጪውን ኢንዛይም ያዳክማል። ማጠቢያው ላይ አዛይድ ከቀረ ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ተመልካቹም ቫይረሱ ኢንዛይም የለውም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

እነዚያ ሁለት መስመሮች ብዙ ይናገራሉ። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ሲፈጠር ለብቻው አይደለም፤ 160 ሺህ ዳልተን በሚመዝን ረጅም ሰንሰለት ውስጥ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተያይዞ ይወለዳል። ፕሮቲዬዝ የተባለው የቫይረሱ መቁረጫ ኢንዛይም በየቦታው ይለያያቸዋል። ተመራማሪዋ በሴሎቹ ላይ ፕሮቲዬዝን የሚያግድ መድኃኒት ብትጨምር 66 እና 51 ላይ ያሉት መስመሮች ይደበዝዛሉ፤ ወደ ላይ፣ 160 አካባቢ አዲስ መስመር ይደምቃል። መድኃኒቱ እንደሠራ፣ ቫይረሱም ሳይበስል እንደቀረ በአንድ ፎቶ ይታያል። ሥራን ብቻ የሚለካው የ1983ቱ ዘዴ ይህን ሊናገር አይችልም ነበር፤ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን ያሳያል እንጂ ኢንዛይሙ ጠፍቶ ይሁን ሳይቆረጥ ቀርቶ አይለይም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስል፣ ኢንዛይሙ በጣም ጥቂት ነው። የሴሉ ፕሮቲን አምራች ማሽን የቫይረሱን መልእክት ሲያነብ ብዙውን ጊዜ ኢንዛይሞቹ ጋ ሳይደርስ ያቆማል። ከ20 ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ንባቡን ይቀጥላል፤ ኢንዛይሞቹ የሚገኙት በዚያ ስሕተት በሚመስል እርምጃ ነው። ስለዚህ የቫይረሱን እምብርት የሚሠራው ፕሮቲን በሺህ ሲቆጠር፣ ገልባጩ ኢንዛይም ከመቶ ብዙም አይዘልም። ደካማ አንቲቦዲ እዚህ ላይ ምንም አያይም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአንቲቦዲው ሥራ ግን የታየው በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ መድኃኒት ፈላጊዎች ሁሉ የኢንዛይሙን ቅርጽ ማወቅ ይፈልጉ ነበር። የፕሮቲንን ቅርጽ በኤክስሬይ ለማንበብ ፕሮቲኑ ክሪስታል መሆን አለበት፤ ክሪስታል ለመሆን ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሞለኪውሎች በአንድ አኳኋን ተደርድረው መቆም አለባቸው። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ እምቢ አለ። ክፍሎቹ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ይዞራሉ፤ የሚገኘው ክሪስታልም ኤክስሬይን አጥርቶ አይበትንም ነበር።

የሩትገርሱ ተመራማሪ ኤድዋርድ አርኖልድና ባልደረቦቻቸው ከሌላ ተመራማሪ ከስቲቨን ሂዩዝ ጋር በመተባበር የተከተሉት መላ አንቲቦዲን ማሠማራት ነበር። ሙሉ አንቲቦዲ ትልቅና ራሱም ተለዋዋጭ ስለሆነ አይመችም። ተመራማሪው ሮድኒ ፖርተር በ1950ዎቹ መጨረሻ ፓፓይን በተባለ የፓፓያ ኢንዛይም አንቲቦዲ ሲቆረጥ የመያዣ ክንዱ ለብቻው እንደሚነጠል አሳይተው ነበር። የሩትገርስ ቡድንም 28 ቁጥር የተሰጠውን ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ክንድ ለብቻው ወሰደ፤ ፋብ28 ይሉታል። ክንዱ ኢንዛይሙ ላይ ሲያርፍ ለድርደራ የሚሆን ጽኑ ገጽ ሰጠው። በዚህ ላይ አጭር ባለ ሁለት ፈትል ዲኤንኤ ተጨመረ፤ ኢንዛይሙ በሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲቀረጽ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው ጥሩ ክሪስታል መስጠታቸው ተዘገበ፤ በ1993 ደግሞ በ3 አንግስትሮም ጥራት የተነበበው ቅርጽ ታተመ። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1992፣ በየል ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ስታይትዝ ቡድን ኢንዛይሙን ኔቪራፒን ከተባለው መድኃኒት ጋር አጣምሮ ቅርጹን አውጥቶ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች ተደጋገፉ። የየሉ ቅርጽ ኢንዛይሙ ጣቶች፣ መዳፍና አውራ ጣት ያሉት ቀኝ እጅ እንደሚመስል፣ መድኃኒቱም መዳፉ ሥር ባለች ኪስ ውስጥ እንደሚቀመጥ አሳየ። የሩትገርሱ ደግሞ ዲኤንኤው በዚያ እጅ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ፣ መሐል ላይም እንዴት ጎበጥ እንደሚል ገለጠ። ያለ አንቲቦዲው ክንድ ይህ ሁለተኛው ሥዕል በዚያ ጊዜ ባልተገኘም ነበር።

ከዚህ የተገኘው ፍሬ ወደ መድኃኒት ተሻገረ። የአርኖልድ ቡድን ከቤልጅጉ መድኃኒት ፈልሳፊ ፖል ያንሰን ሰዎች ጋር ለዓመታት ሠርቷል። ቫይረሱ የኪሱን ግድግዳ እየቀየረ የቀድሞዎቹን መድኃኒቶች ሲያመልጥ፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚተጣጠፍ ሞለኪውል ተፈለገ፤ ሪልፒቪሪን ከዚያ ጥረት የወጣ ነው። በ2011 በአሜሪካ በክኒን መልክ ተፈቀደ፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ካቦቴግራቪር ከተባለው ጋር በየጊዜው በመርፌ ለሚሰጠው ሕክምና አንዱ አካል ሆኗል። ያንሰን ይህን ሳያዩ በ2003 አረፉ።

እንዲህ ያለ ውለታ ያለው መሣሪያ ግን በጭፍን መታመን የለበትም። አንቲቦዲ በብልቃጥ ላይ የተለጠፈበትን ስም ሁልጊዜ አይሆንም። ያልታሰበ ፕሮቲን ሊይዝ፣ ከምርት ምርት ሊለያይ፣ ሃይብሪዶማውም በዘመናት እርባታ ሊለወጥ ይችላል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት 185 ሃይብሪዶማዎችን መርምሮ ወደ 32 ከመቶ የሚሆኑት ከሚጠበቀው በላይ ተጨማሪ የአንቲቦዲ ሰንሰለት እንደሚያመርቱ አግኝቷል። አንድ ነው የተባለው አንድ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ ቀደም በ2015 ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ አንቲቦዲዎች በዘረመል ቅደም ተከተላቸው እንዲታወቁና በዚያው እንዲመረቱ ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ቅደም ተከተሉ የታወቀ አንቲቦዲ ሃይብሪዶማው ቢሞት እንኳ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ሌላው አገር ያለ ላቦራቶሪም ያንኑ ውጤት ሊደግም ይችላል።

በኤችአይቪ ምርምር በኩል አንድ መልካም ልማድ ቀድሞ ተተክሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1988 ያቋቋመው የምርምር ቁሳቁስ ማከማቻ፣ ሳይንቲስቶች የሠሯቸውን አንቲቦዲዎች፣ ሴሎችና የቫይረስ ቅጂዎች እየተቀበለ በዓለም ዙሪያ ለሚጠይቁ ተመራማሪዎች ሲያድል ኖሯል። ያልበለጸገ አገር ላቦራቶሪ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ብልቃጥ መግዛት ሳይጠበቅበት ሌሎች የተጠቀሙበትን ያንኑ መሣሪያ እጁ ላይ ማድረግ የሚችልበት መንገድ ይህ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ በአገሪቱ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ለዓመታት ያገለገሉ፣ ታካሚዎችም በስማቸው የሚያውቋቸው ናቸው፤ ሁለቱም የሚቀመጡት በዚያችው ኪስ ውስጥ ነው። ዛሬ በአንድ እንክብል ተዋሕደው ከሚሰጡት ሦስት መድኃኒቶች መካከል ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንኑ ገልባጭ ኢንዛይም ሲያግዱ፣ ዶሉቴግራቪር ኢንተግሬዝን ያግዳል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ቫይረስ ግን ንዑስ ዝርያ ሲ ነው፤ በዓለም ካሉት የኤችአይቪ ሕመምተኞች ግማሽ ለሚጠጉት ምክንያቱ እሱ ነው። ከላቦራቶሪ አንቲቦዲዎች ብዙዎቹ ደግሞ የተሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚበዛው ከንዑስ ዝርያ ቢ በተገኘ ኢንዛይም ነው። ሁለቱ ኢንዛይሞች በጣም ይመሳሰላሉ። አንቲቦዲው የሚይዘው ነጥብ ግን ጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ነጥብ ላይ ያለ አንድ ለውጥ መያዣውን ሊያላላው ይችላል።

ስለዚህ ከንዑስ ዝርያ ሲ ጋር የሚሠራ ላቦራቶሪ አዲስ አንቲቦዲ ሲደርሰው ከሙከራው በፊት የሚያደርገው አለ። በአንድ ጄል ላይ ከንዑስ ዝርያ ሲ የተሠራ ንጹሕ ኢንዛይም፣ ከንዑስ ዝርያ ቢ የተሠራ ንጹሕ ኢንዛይም፣ ቫይረሱ ያለባቸውና የሌለባቸው ሴሎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ንጹሕ ኢንዛይሞቹ በመጠን እኩል መሆን አለባቸው። ቫይረስ በሌለባቸው ሴሎች ላይ መስመር ከወጣ አንቲቦዲው የሰውን ፕሮቲን እየያዘ ነው፤ ብልቃጡ ይመለሳል። በሁለቱ ኢንዛይሞች ላይ የሚወጣው መስመር እኩል ካልደመቀ ደግሞ፣ በዚያ አንቲቦዲ የሚለካ የኢንዛይም መጠን ሁሉ በዚያው ልክ መታረም አለበት፤ ወይም ሌላ ነጥብ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይፈለጋል።